ቁስሉ በግራ ነበር

የልጄን የምረቃ ፎቶ ፍሬም ላስገባ ብዬ፣
ባጃጄን ከኒም ዛፍ ጥላ ሥር ጥዬ፣
ገባሁ ከገሜቹ ሱቅ፤
የአዳማ ነፋስ ተከትሎኝ፣ አዋራ ይዞ እንደ ስንቅ።

ግድግዳው ላይ
ሁለት ፈረስ፣ አንድ አህያ፣ ከጋሪ ሥር የተኛ ውሻ፤
ጥቁር በነጭ፣ ጭረት ብቻ፣ መነሻ የለው መድረሻ።
«ሕፃን ነው የጫረው?» አልኩ፣ ለወጉ።
ገሜቹ መልስ አልሰጠኝም፤ አምፖሉን አበራ ከጥጉ።

ሌንሳ ናት የሠራችው። መዳቡን ሰም ቀብታ፣
ሰሙን በመርፌ ቧጥጣ፣ ከአሲድ አስተኝታ።
መርፌ የነካው ይበላል፣ ሰም የሸፈነው ይተርፋል፤
ቀለሙም ከተበላው ጉድጓድ ገብቶ ያርፋል።

የአህያዋ ጆሮ፣ እንደ ክብሪት የተጫረ፣ ቸኩሎ፤
ጋማው አንድ ረጅም ጉተታ፣ ከእጅ ያመለጠ ገመድ መስሎ።
ውሻው ሰባት መስመር ነው፤ ቆጠርኩት፤ ለእንቅልፍ ይበቃል፤
ስምንተኛ ብትጨምርበት ይነቃል።

አንዱ ፈረስ እግሩ አምስት። ስህተት ነዋ! እላለሁ።
ቆይቼ፦ አይ፣ ሲደክመው ያነሣዋል፣ መልሶ ይጥለዋል፤
ይኼን እኔ አጣዋለሁ? ዐሥራ አንድ ዓመት ከኋላው ተቀምጫለሁ።
ሆዱ ላይ ጭረት በጭረት፣ ጥልፍልፍ፤
ዝም ብሎ የቆመ ቆዳ፣ ዝንብ የሚያራግፍ።
ግንባሩን አልነካችውም። ባዶ ወረቀት።

ከዚያ ትከሻው።
እዚህ አልጫረችም። አሲዱን አስቆይታ፣
መዳቡ እስኪቦረቦር፣ እስኪሻክር ትታ፣
ቀለሙ ከወረቀቱ አብጦ፣
በጣት ሊዳሰስ ወጥቷል፣ አፍጥጦ።
ጠፍር ቆዳ እንደሚበላው አሲድ መዳብ በላ፤
እኔ ማዳበሪያ ጣል አደርግበት ነበር፣ «ለፀሐይ ነው፣ ለጥላ»።

ከጋሪ ፌርማታው ትይዩ፣ ከድንጋይ ላይ ተቀምጣ
የምትጭር ልጅ ነበረች፤
ሒሳብ የምትሠራ መስሎኝ፣ ከትምህርት ቤት አምልጣ።

«ይኼ የኔ ነው!» አልኩ። «ግንባሩን እይ! ቦራ!
ግን ቁስሉ በቀኝ አልነበረም፤ በግራ።»
«ሲታተም ይገለበጣል» አለ፣ ሜትሩን እየጠቀለለ፤
«መዳቡ ላይ እንዳየችው ነው፤ ግራው ግራ ላይ አለ።»

ዞር አልኩ።
ከፊቴ የሚሸጥ መስታወት፣ ዋጋው በማርከር የተጻፈ፤
ከውስጡ ቦራ ቆሟል፣
ቁስሉ በግራ፣ ልክ በቦታው፣ አንድ ጣት እንኳ ያላለፈ።
ከኋላው አይደለሁም አሁን፤ ከፊቱ ነኝ፤ አለንጋ የለኝ፤
ቦራ ያስተማራትን ልጅ ፎቶ ታቅፌያለሁ።
«ፍሬሙ ወርቅማ ይሁን ጥቁር?»
ገሜቹ ነው፤ ሁለቴ ጠየቀኝ።