ቀድሞ የመጣ ሳቅ

ሦስት ግድግዳ ብቻ፤ አራተኛው ጨለማ፣
ከጨለማው ወዲያ ሦስት መቶ ሰው፣ ካፖርቱ የረጠበ፣ ከማንችስተር ከተማ።
የተቀጠረችው ለአንድ ሳምንት ነበር፣
ለሁለት ዓረፍተ ነገር።
ሳታንኳኳ ገባች ወይዘሮ ስፕራግ ሆና፣ ባዶ ስኒ ይዛ፤
«ስኳር ነበራችሁ?» አለች፣ ባል እንደሞተባት ተክዛ።
ሳቁ ከላይ ወረደ፣ እንደ ከሰል ከተገለበጠ ጋሪ፤
በዚያው ቀረች፦ አሥራ አንድ ዓመት የአንዲት ስኒ ስኳር ተበዳሪ።
ያን ሁሉ ስኳር ምን አደረገችው? ማንም አልጠየቀም።
ስኒው ሞልቶ ሲወጣ ያየ ሰው የለም።

ዊኒፍሬድ ሆልሮይድ ነው ስሟ። ማን ያውቀዋል?
ባቡር ላይ ትኬት ቆራጩ፣ ቀብር ላይ ቄሱ ሳይቀር፣ «ስኳር» ብሎ ይጠራታል።

አንዴ የሐዘን ትያትር ሞከረች፣ ሊድስ ላይ፣ በክረምት፤
ልጇ የሞተባት እናት ሆና መድረክ ስትወጣ፣ ገና አፏን ሳትከፍት
አንድ ሰው ከሰገነቱ ሳቀ። ተከተሉት።
በማግስቱ አዘጋጁ በትሕትና እጇን ጨበጠ፤ ሻንጣዋን እስከ ታክሲው ያዙላት።

በስልሳ ሁለት ዓመቷ፣ ሐኪሙ ሆዷን ሲጫነው «ያመኛል» አለች፤
ነርሷ አፏን በእጇ ይዛ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ወደ መስኮቱ ዞረች።
አልተቆጣችም።
«ያመኛል» ብላ ደገመችላት፣ ረጋ ብላ፣ ቅንድቧን አንስታ፣
ትንፋሿን ቆጥራ፣ ልክ እንደ ሐሙስ ማታ።

አሁን ኦልደም ናት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ጉልበቷ ላይ ብርድ ልብስ፤
ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቴሌቪዥኑ ያን ሁሉ ዘመን፣ ቀለሙ ለቆ፣ ከሥር ጀምሮ ሲመልስ
ራሷን አታይም። ዓይኗን ጨፍና ትቆያለች፣ ሦስተኛው ክፍል እስኪደርስ።

ስኒው ገና ሳይነሳ፣ ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ፣
አንድ ሳቅ ከጨለማው፣ ከሦስት መቶው ሰው ቀድሞ መጣ፤
ሻካራ፣ ሳል የተቀላቀለበት፣
የፈትል ፋብሪካ ብናኝ አርባ ዓመት የከረመበት።
እናቷ ናት።
ጠዋት ማድ ቤት ቁጭ ብላ ቃሉን ያስጠናቻት፣
ቀልዱ የቱ ጋ እንዳለ ስለምታውቅ
መጠበቅ ያቃታት።

አዘጋጁ «ያቺን ሴትዮ አስወጡልኝ» ብሎ ነበር፤ ማን ደፍሮ? ቴፑም አልተቆረጠም።
ሳሉ ሲያልቅ ዊኒፍሬድ ታጠፋዋለች። ቀልዱን አታዳምጥም።