ሞቼ ልምጣ

ሰንበት ስትወጣ፣ ሦስት ኮከብ ሲታይ
በቂርያት ጋት ሰማይ፣ ከፎቃችን በላይ፣
ዮታም ልጄ ገባ ከዚያ ከስክሪኑ፤
ጎኑ ሶፋችን ላይ፣ ሌላ አገር ነው ዓይኑ።

ጥቂት ቆየና «ሞትኩ!» አለ።
ደነገጥኩ።
በሳቅ ሞትኩ የሚል አውቃለሁ፣ በራብ ሞትኩ የሚልም አለ፤
ሞቶ ሞትኩ ያለ ግን
ከመቃብር ማዶ ተመልሶ
ለማን ነግሮ ያውቃል?

«ማነው የሞተው?»
«እኔ።»
«አንተማ ይኸው፣ ባምባ ትቆረጥማለህ ከጎኔ።»

ተነሣ የስክሪኑ ሰው፤ ልብሱ ንጹሕ፣ ቁስል የለው፤
የሞተባትን ጉድጓድ ግን አሁን ዘለላት።
እንዴት አወቃት?
እሱማ ገና አሁን የተፈጠረ ሰው፤
ሞቱን የሚያስታውስለት ባምባ የሚበላው ነው።

«ያንተ ተራ» ብሎ መጫወቻውን ሰጠኝ።
መኪና ነው። ከተማ ነው፤ ሌሊት፣ ዝናብ፣ የረጠበ አስፋልት።
እኔ የሰባት ቁጥር አውቶቡስ ሹፌር ነኝ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት።

መብራቱ ቀላ።
ቀኝ እግሬ ምንጣፉን ረገጠ፣ ፍሬን ያለ መስሎት።
«አባ፣ ንዳ እንጂ!»
«ቀይ ነው።»
«እዚህ ማን ይቀጣሃል? ፖሊስ የለ፤
ሰዎቹም ሰው አይደሉ፣ ሥዕል ናቸው ሁሉ።»
አንዲቱ ሥዕል፣ ጃንጥላ ይዛ፣ ከፊቴ ተሻገረች።
አላየችኝም።
እኔ ግን አየኋት።

ዮታም ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ።
«ሁልጊዜ እገጫታለሁ፤
ወዴት እንደምትሄድ አላውቅም ነበር» አለ።
አብረን አየናት። ጥግ ካለው ዳቦ ቤት ደረሰች፤
ጃንጥላዋን አጠፈች፤
በሩ የተሳለ በር ነው፣ አይከፈትም፤ እዚያው ቆማ ቀረች።
ነጥብ አልተሰጠንም።

በኛ ቋንቋ ጨዋታ ወሬም ነው፤
እንግዳ ሲቀመጥ «ተጫወት» ቢባል፣ ኳስ ማንም አያቀብለው።
ለካ እኔና ልጄ ስንት ወር ሳንጫወት ከርመን
ያን ማታ ተጫወትን፣ ቀይ መብራት ላይ ቆመን፤
ስለ ሒሳብ መምህሩ፣ ስለ ጥርሱ ሕመም፣
እንዳይስቁበት ብሎ ስለደበቀው ስም።
አረንጓዴ በራ። ከኋላችን ክላክስ ጮኸ።
አልነዳሁም።

ከኩሽና ትርንጎ ተጣራች፦
«ሽሮው ቀዘቀዘ! በሞቴ ኑ ብሉ!»
(ዕድሜ ልኳን በሞቷ ትምላለች፤
አንድም ቀን አልሞተች።)
ዮታም «መጣን» አለ።
እኔ መጫወቻውን እንደጨበጥኩ፦
«ቆይ፣ አንዴ ሞቼ ልምጣ።»