ግማሽ ራስ

የከተማው ብቸኛ ፀጉር አስተካካይ
እጁን ማሳረፍ ፈራ በእኛ ራስ ላይ።
«እንዲህ ያለ ፀጉር አልተማርኩም» አለን፤
በሩን ከፍቶ ይዞ በትሕትና ሸኘን።
ምላጭ ሳያነሳ፣ ትሕትናው ቆረጠን።

ከገና ዕረፍት መልስ ዊልነር ከብሮክተን
ቶንዶስ ይዞ መጣ በካልሲ ጠቅልሎ፤
አጎቱ የጣለው፣ ጥርሱ የተሸረፈ፣
«ይነክሳል፣ ግን ይሠራል» ብሎ።

እሑድ እሑድ ማታ፣ ከማደሪያው ምድር ቤት፣
የቬርሞንት በረዶ መስኮቱን ሲደፍነው፣
የዳኞች፣ የባለባንኮች ልጆች ሸሚዝ
በማድረቂያው ሆድ ሲገለባበጥ፣
እኛ፣ በነፃ የትምህርት ዕድል የገባን ሦስት ልጆች፣
በተደፋ የሳሙና ሳጥን ላይ
በየተራ ነበር የምንቀመጥ።

ሶፋል መስታወት ያዥ ነው።
ወላጆቹ ከካምቦዲያ፣ እሱ የሎዌል ልጅ፤
ፀጉሩ እንደ ዝናብ ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ ቶንዶስ የማያሻው።
መምጣት አልነበረበትም፤ አንድም እሑድ ግን አልቀረ።
«ሙቀቱ እዚህ ነው» ይል ነበር፣
የማድረቂያውን በር በጀርባው ተደግፎ፣
ስለ አባቱ የዶናት ሱቅ እያጋነነ፣ እየጨመረ።

እኔ የሜምፊስ ነኝ። እናቴ የሆስፒታል አንሶላ ታጥባለች።
ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእነሱ ግን አቀርቅሬ ነገርኳቸው።
አንገቱን ለሌላ እጅ የሰጠ ሰው
ምሥጢሩን ለምን ይሰስታል?
ዊልነር ማጅራቴን እፍ አለልኝ፤
«ታዲያ እዚህ ባለቤቱ አንተ ነሃ!» አለኝ።

የብሮሹሩ ፎቶ አንሺ በየካቲት መጣ፤
ሦስታችንን ከአንድ ዛፍ ሥር አቆመና «ሳቁ» አለን።
ግንባሬ ላይ ዊልነር ያሰመራት ጠማማ መስመር
ታትማ ስትወጣ ቀጥ ብላ አገኘናት።
በኮምፒውተር ላጭተዋት!
ሳምንት ሙሉ ሳቅንባት።

ሌላም ሳቅ ነበረ።
በወላጆች ቀን ማግስት፣ በምሳ ገበታ፣
ዊትኮም የሚባለው የዊልነርን አባት አስመሰለ፤
የሄይቲውን ቅላጼ፣ ባርኔጣ አወላለቁን፣ እጅ አነሳሱን ሁሉ።
ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ።
እኔም ሳቅሁ። ድምፅ አላወጣሁም።
ጥርስ ባዳ ነው፤
የእኔው ደግሞ ያን ቀን
ባለቤቱን ትቶ ከጌቶቹ ተጠጋ።

እሑድ ሳጥኑ ላይ ተቀመጥኩ፣ እንደ ወትሮዬ።
ከግራ ጆሮዬ እስከ አናቴ መሐል
ጥንቅቅ አድርጎ ላጨኝ፤
ከዚያ ቶንዶሱ ዝም አለ።
«አባቴ ሦስት አውቶቡስ ቀይሮ ነው የመጣ።
ጥርስህን አይቼዋለሁ።»
ሶፋል መስታወቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።
ዊልነር ካልሲውን አነሳ፣
ቶንዶሱን ጠቀለለ፣ ደረጃውን ወጣ።

ሰኞ ጠዋት በግማሽ ራስ ጸሎት ቤት ገባሁ፤
ኮፍያ ክልክል ነው።
መዝሙሩ እስኪያልቅ አራት መቶ ዓይን ማጅራቴ ላይ ሲያርፍ
ሶፋል መጥቶ ባልተላጨው ጎኔ ተቀመጠ፤
አላናገረኝም፤
ስንት ባዶ ወንበር እያለ ግን ያንን ነው የመረጠ።

ሐሙስ ማታ ወረድኩ። ማንም አልጠራኝም።
ሳጥኑን ደፋሁና አንገቴን ሰጥቼ ጠበቅሁ።
ማድረቂያው ሁለት ጊዜ ቆመ።
ኮቴ ሰማሁ፤ ቀና አላልኩም፤
«አባትህን...» ብዬ ጀመርኩ፣ ለወለሉ፤
አልጨረስኩትም።
ቶንዶሱ ጮኸ፤ ከቀኝ ጆሮዬ በላይ ነከሰኝ።
ሆን ብሎ ይሁን፣ የተሸረፈው ጥርስ ይሁን፣
እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።

ያቺ ቦታ ዛሬም ፀጉር አታበቅልም።
አዲስ ፀጉር ቆራጭ ሁሉ ጣቱን ያሳርፍባትና
«ማነው እንዲህ ያደረገህ?» ይለኛል፣ በቁጭት።
«ጓደኛዬ ነው» እላለሁ፤
«እንዳትነካት።»