የአንገት ቋንቋ

መስከረም ሲጋመስ፣ የበጋው እንግዳ ሻንጣውን ሲዘጋ፣
የአሸዋው ጃንጥላ ተጠቅልሎ ታስሮ ከግንቡ ሲጠጋ፣
አውቶቡሱ ጣለኝ አንዲት ድመት ብቻ ካለችበት ፌርማታ፤
በአንድ እጄ ቦርሳ፣ በሌላው የሠላሳ አንድ ዓመት ዝምታ።

ጥቁር ባሕር ይሉታል፤ ያን ቀን ግን አመድማ፣
ተመልካች ስለሄደ መሰለኝ፣ ማዕበሉም ሰነፍ፣
ለይስሙላ የሚያዘግም፣ የሚያቅማማ።

ቬሴሊን መጣ።
ያው የድሮው አረማመድ፤ ግራ ትከሻው ቀድሞ፣
በነጠላ ጫማ፣ የሱሪው ጉልበት በጀልባ ቀለም ታትሞ፤
ጸጉሩ ግን የለም፤ ውሃ እንደሸሸው ዳር ግንባሩ ሰፍቶ።
"ሸበትክ!" አለኝ። "አንተስ ምን ይሸብትህ!" አልኩት። ሰላምታው በሳቅ ጠፍቶ
ተቃቅፈን ቆየን፣
ድመቷ ተሰላችታ እስክትሄድ ትታን።

ያኔ የተማርኩት ቋንቋቸው አፌ ውስጥ ዝጓል፤
ቁልፍ ሲፈልጉበት ሚስማር የሚገኝበት መሳቢያ ሆኗል።
እሱ ግን አያጣድፈኝም፤
ዓሣ አጥማጅ ነውና መጠበቅ ያውቃል።

ግቢው ውስጥ ዝድራቭካ ቀይ ቃሪያ ትጠብሳለች፤
ጠቁሮ ሲፈነዳ ቆዳውን እንደ ጓንት ትገፈዋለች፣
ለብርዱ ወራት በጠርሙስ ታከማቻለች።
እጇ እስከ አንጓዋ ቀልቷል፤ በክንዷ ብቻ አቀፈችኝ፣
"ከሳህ" ብላ፣ ገና ሳልቀመጥ፣ በቢላ ጫፍ አይብ አቀመሰችኝ።

ከነራሳቸው የተጠበሱ፣ እንደ ጣት ያነሱ ዓሦች፣
ከጓሮ ወይን የወጣ አረቄ፣ አንዱ ከአንዱ የማይመሳሰል ሦስት ብርጭቆዎች።
ከዚያማ ወሬው!
የሶፊያው ማደሪያ፣ አራተኛ ፎቅ፣ የሚያፏጭ እንጂ የማያሞቅ ማሞቂያ፣
ተቆጣጣሪዋ እንዳታይ አልጋ ሥር የደበቅናት የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ፣
እኔ እንደ አገሬ "አዎ" ለማለት ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስስብ፣
ኦግንያን ትን ያለኝ መስሎት ጀርባዬን ሲደበድብ።

"ኦግንያንስ?" አልኩ። "አሁንም እዚያው ወደቡ ጋ ነው? ደህና ነው?"
ቬሴሊን አንገቱን ቀና ደፋ፣ ቀና ደፋ አደረገው።

"እሰየው!" አልኩ፤ ብርጭቆዬን አነሣሁ፤
"ነገ በጠዋት፣ ሳይሰማ፣ እንሂድበት" ብዬ ዕቅድ አወጣሁ።
የዝድራቭካ ቢላ ቃሪያው ላይ ቆመ፤
ከአጥሩ ወዲያ ባሕሩ ብቻ ያንኑ ቃል ደጋገመ።

ረሳሁት።
እዚህ አገር አንገት ደፋ ቀና ሲል "የለም" ነው፣ ግራ ቀኝ ሲወዛወዝ "አለ"።
በመጀመሪያው ክረምት፣ ዳቦ ቤት በር ላይ፣ "ዳቦ አለ?" ብዬ ስጠይቅ፣
ሻጯ ደፋ ቀና ብትልልኝ፣ በረዶ ላይ ሰዓት ሙሉ ቆሜ ስጠብቅ፣
ኦግንያን ነበር መጥቶ አገጬን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ በሳቅ፣
"እንዲህ 'አዎ' ነው፣ እንዲህ 'የለም'" ያለኝ፤
ከንፈሬ መወየቡን አይቶም ካፖርቱን አውልቆ ያለበሰኝ፤
ያን ክረምት እሱ በሁለት ሹራብ፣ እኔ በካፖርቱ ወጣን።

"የዛሬ ሁለት ዓመት" አለች ዝድራቭካ። "ልቡ ነው፤ ጀልባው ውስጥ ቁጭ እንዳለ።"
"ልንጽፍልህ ብለን..." አለ ባሏ፤ ቀሪውን ከአረቄው ጋር ዋጠው እንጂ አላለ።

ቦርሳዬ ውስጥ ካፖርት አለ።
አዲስ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ በመንገዴ የገዛሁት፣
የማላስታውሰውን ትከሻ በግምት የለካሁት።

ማታ፣ ነፋሱ ሲነሣ፣ አውጥቼ ለቬሴሊን አለበስኩት።
እጅጌው ጣቶቹን ዋጠ፤ ኦግንያን ረጅም ነበር።
ዝድራቭካ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ዘጋችለት፣ ምንም ሳትናገር።
"ልክህ ነው?" አልኩት።
አንገቱን ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ አወዛወዘ።

እኔም ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ።
ጀርባዬን የመታኝ የለም።