ጭቃ አንባቢ

አባቴ አዛናው፣ የአዘዞ ቀራጭ፣
በክረምት ቅዳሜ ኬላው ሥር ተቀማጭ፣
“ከየት ነህ?” አይልም፤ አንገቱን አጎንብሶ
ጫማ ያነብ ነበር፣ ካፖርቱን ለብሶ።

ጥቁር ዋልካ ካለው፣ ደምቢያ ነው ሀገሩ፤
ቀይ ጭቃ ከነካው፣ ወገራ ነው በሩ፤
አሸዋ ከያዘ፣ በወንዝ ነው የመጣ፤
የታጠበ ጫማ — እሱ ነው የሚያስቆጣ።

አንድ ቀን አራት ሰው፣ በአንድ ጃንጥላ ሥር፣
ትከሻ ገጥመው፣ እግር ለእግር ሲያብር፣
“ወንድማማቾች ናቸው!” አልኩት ተጣድፌ፤
“ጭቃውን እዪ” አለኝ፤ ተዘጋብኝ አፌ።
በአራቱ ጫማ ላይ፣ አራት ዓይነት አፈር፤
ያዛመዳቸውስ አንድ ዝናብ ነበር።

ዛሬ ማራኪ ላይ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት፣
መብራቱ ሲመለስ፣ ከሻማ ጭስ ጋራ፣
የከዋክብት መዝገብ ፊቴ እዘረጋለሁ፤
ይኸው ያዝኩኝ እኔም፣ የአባቴን ሥራ።

አራት መቶ ኮከብ፣ ባንድ አቅጣጫ፣ ባንድ ፍጥነት፣
በፀሐያችን ደጅ እንደ ሚዜ ሲያልፉ፣
“የአንድ ጉም ልጆች” ስል፣ ገጾቼ ተጻፉ።

ትርንጎ ብርሃኑን ሰንጥቃ ላከችው።
በቀስተ ደመናው ላይ ጥቁር ጥቁር ጭረት —
ጭቃቸው ነው ያ።
የአንዱ ብረት ብዙ፣ ከፀሐይም በላይ፤
የአንዱ ጥቂት፣ ጭላጭ፤ ባሪየሙ ሌላ፤
አያትና ሕፃን፣ ከሩቅ ለሩቅ አገር፣
እየተራመዱ በአንድ ጃንጥላ።

መሐሉ ላይ ያለው፣ የፍኖተ ሐሊብ ዘንግ፣
ሲዞር እያማሰለ፣ ባዳውን ከባዳ
ያራምዳል ለካ።
ወዲያ ማዶ ደግሞ፣ በተቃራኒ ስትነጉድ፣
አንዲት አለች ብቻዋን፤ አፈሯ ግን ቁርጥ
የዚህችኛዋን ነው። እኅቷ ናት። አታውቃትም።

ለአባቴ ደወልኩ። ሳሉ አያስተኛውም።
ኬላው ላይ አሁን የሚነበበው መታወቂያ ነው፤
እሱ ያንን አይወድም። ምንም አይልም።
ሁሉን ነገርኩት፤ ብረቱን፣ ባሪየሙን፤
ዝም ብሎ ቆየና፣
“አፈሩንስ ጻፍሽው። ዝናቡንስ?” አለኝ።

መብራቱ ጠፋ እንደገና።
በሻማ፣ በደብተሬ ጠርዝ፣ አንድ ዓምድ አሰመርኩ፤
አናቱ ላይ “ዝናብ” ብዬ ጻፍኩኝ።
ሥሩ ገና ባዶ ነው።