የበሩ ትንፋሽ

በሩ በራሱ ነው የሚከፈት ብለን
ስንት ቅዳሜ አመንን፣ ምንጣፍ ላይ ተኮልኩለን።
ካፒቴኑ ሲቀርብ፣ ገና እጁን ሳያነሳ
«ሽሽሽ» ይላል በሩ፣ ጌታውን እንደሚያውቅ እንስሳ።
ዘመኑ ሩቅ ነበር፣ ከሦስት መቶ ዓመት ማዶ፤
ብረት እንደ ሰው ያስባል፣ ሰው እንደ ብረት በርዶ።

ከብረቱ ጀርባ ጣውላ፣ ከጣውላው ጀርባ ሰው፤
ኤምሪስ ይባል ነበር፣ ገመድ ነው የያዘው።
ሮንዳ ሸለቆ ውስጥ፣ ሃያ ስድስት ዓመት፣
ከሰል ሲፈነቅል ኖሮ ከምድር አንጀት፣
ሳንባው ጠቁሮበት «ይብቃህ» ቢሉት ሐኪሞች፣
ካርዲፍ ስቱዲዮ ገባ፤ ሆነ ሳቢ የበሮች።
አንዱን ክንፍ እሱ ሲስብ፣ ሌላውን ኢድሪስ ይስባል፤
ቀይ አምፖል ብልጭ ካለች፣ ጀግናው መጣ ይባላል።

ኢድሪስን አንድ ሐሙስ እንቅልፍ ጣለው።
ካፒቴኑ ጋላክሲ ሊያድን ሲገሰግስ
ግማሹ በር ተከፈተ፣ ግማሹ ጠበቀው።
የኮከቦች አዛዥ፣ ባለ ወርቅ ትከሻ፣
አፍንጫውን ይዞ፣ በዌልስኛ ሲራገም ዋለ እስከ ማምሻ።

ሌላም አለ፤
የመርከቧ ቁልፎች፣ የሚያበሩ የሚያጠፉ፣
ከረሜላ ነበሩ፤ መብራት ሲግል የሚረግፉ።
ወለል ጠራጊዋ ብሎድወን፣ አንድ ቀን አምሽታ፣
የብርሃንን ፍጥነት ወሰደች፣ ለልጅ ልጇ ስጦታ።
በቀይዋ ፕላኔት ላይ ሲንተከተክ የሚፈላው
ባሕር የአጃ ገንፎ ነው፤ ቀረጻው ሲያልቅ የመብራት ሠራተኛ የበላው።

ድምፁ ነበር ያስቸገረ።
በሩ ጣውላ ነው፤ ይንቋቋል፣ እንደ ከብት በረት።
ማርጌድ፣ የድምፅ ባለሙያዋ፣ የብስክሌት ጎማ አስተነፈሰች፣
ሶዳ ውሃ ከፈተች፣ የጋለ ካውያ ውሃ ውስጥ ነከረች፤
አንዱም የነገን በር አልመስል አላት።
ከዚያ፣ ደረጃው ጫፍ ላይ፣ ኤምሪስን ሰማችው፤
አራት ፎቅ ወጥቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ አየር ሲለምን።
«እንዳለህ ቁም» አለችው። ማይክሮፎን ይዛ መጣች።
ሽሽሽ፣ ወደ ውስጥ፤ ይህ መክፈቻው ሆነ።
ሽሽሽ፣ ወደ ውጭ፤ መዝጊያው።
በደረሰኝ ከፈሉት፤ የሁለት ቢራ ዋጋ።

ቅዳሜ፣ መጠጥ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ሲከፈት
«ያ እኔ ነኝ» ይል ነበር፣ በሩን እየጠቆመ፤
ማን አምኖት! ጎረቤት ሁሉ ሳቀበት።
በሰባ አንድ፣ በየካቲት፣ ትንፋሹ ቆመ።
በሩ ግን ሁለት ዓመት ተጨማሪ ተነፈሰ።

ቴፕ ውድ ነበረ ያኔ። ታሪኩ ሲያልቅ ፋቁት፤
በካፒቴኑ ፊት ላይ የራግቢ ጨዋታ፣
በሁለቱ ጨረቃ ላይ የበግ ጨረታ
ቀረጹበት። ሰባ ሁለት ክፍል፣ አንድ ምስል ሳይተርፍ።

እኔ ግን፣ ትሬዴጋር፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣
የአጎቴን መቅረጫ ከቴሌቪዥኑ አስጠግቼ፣
ቤተሰቡን በሙሉ «እስ!» ብዬ አስፈራርቼ፣
አንዷን ክፍል ቀድቻለሁ፤ ድምፅ ብቻ፣ ጨለማ።

ዘንድሮ ጓንት ያጠለቁ ሰዎች ሊወስዷት መጡ፤
ወጥ ቤቴ ውስጥ እንደ ለቀስተኛ ተቀመጡ።
አንዲት አሮጊትም መጣች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፤
ኔስታ፣ የኤምሪስ ልጅ።
«ፎቶ አለኝ» አለች፤ «ድምፁን ግን ማን ይቅዳልን?
ድሃ ማይክሮፎን ፊት ምን ሊል ይቆማል?»

ቴፑን አዞርኩት። ካፒቴኑ ለሚወዳት ሴት
የስንብት ቃሉን ጀመረ፤ ማንም አልሰማው።
በሩ ብቻ፦ ሽሽሽ።
ከዚያ የእናቴ ድምፅ፣ ከስድሳ ዓመት ማዶ፣ ከማድቤቱ፣ ቆጣ ብሎ፦
«ድመቷ ገባች እኮ! በሩን ማን ከፈተው?»

ኔስታ ቦርሳዋን አጥብቃ ይዛ
ወደ ማጫወቻው ጎንበስ አለች፤
«አባቴ ነው» አለቻት።