አበጋራቸው ማን ነበር?

ጽሕፈቱ ያምራል ብለው ጠሩኝ ከትምህርት ቤት፣
እብሬና አራጌ ድንበር የሚለዩ ለት።
ኩታበር ጉም ለብሷል፤ ባቄላው እርጥብ ነው፣
ገመድ ያዥ ጠፍቷል፤ ማን ማንን ሊያምን ነው?

ዝምታው ቢከብደኝ፣ ወሬ ላምጣ ብዬ፣
ትናንት ያስተማርኩትን ጀመርኩ ከካርታዬ፦

«ኖርዌይና ስዊድን፣ ሰሜን በረዶ ላይ፣
ባንድ ዘውድ ከርመው ከዘጠና ዓመት በላይ፣
ይብቃን ተባባሉ፤ ጦር ድንበር ወረደ፣
አንድም ሳይተኩስ ግን እንደ መጣ ሄደ።
ምሽግ አፈራርሰው፣ ወረቀት ፈርመው፣
ይኸው ይኖራሉ አምባሳደር ሹመው።»

አበጋር ሙሄ ከዘራቸውን ተክለው፣
«አበጋራቸውስ ማን ነበር?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ደብተሬን ገለጥኩት፤
ዓመቱ አለ፣ ከተማው አለ፣
ያስታራቂው ስም ግን የለ።

«እንግዲያ ብርዱ ነዋ!»

እብሬ ሳቀ።
አራጌ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ብሳናውን አየ፤
ካስማውን ነቀለ፣ ትንሽ ቆየ፣ ቆየ፤
«ጻፍ መምህር፣ ዛፉ ይሁን ድንበራችን፤
ጥላው ጧት የሱ ነው፣ ማታ የኔ፣ ቀትር የሁለታችን።»

ጻፍኩት።
ያ የተመሰገነ ጽሕፈቴ ግን ያን ለት
ድንበር ጥሶ ወጣ፣ መስመር ጠቦበት።